«ቮልስ እኮ ነች!»

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የተሳፈረ እንግዳ አየሩን ሳብ ሳብ አድርጎ «ቤንዚን አይሸታችሁም?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፤ «ቮልስ እኮ ነች!» ይባላል። መልሱን ፈገግታ ያጅበዋል፤ መሪዋ በመዳፍ መታ መታ ይደረጋል፤ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይሻገራል። የሚያፍረው ጠያቂው ነው። ኮሮላ ቤንዚን ብትሸት በዚያው ዕለት ጋራዥ ትገባለች። ቮልስ ስትሸት ግን ዕድሜዋ ይጠቀሳል፣ ውለታዋ ይቆጠራል፣ ሽታውም የአመል ተደርጎ ይታለፍላታል። እኔ የምከራከረው ከዚህች አጭር መልስ ጋር ነው። ቤንዚን እንድትሸት ተብላ የተሠራች ቮልስ የለችም። ሽታው ፍሳሽ ነው፤ ፍሳሹ ቦታ አለው፤ ቦታውም በሥርዓት ለፈለገው ሰው ራሱን ይሰጣል። እንዳይገኝ የሚያደርገው የመኪናዋ እርጅና ሳይሆን የእኛ መላመድ ነው።

መላመዱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ ከፍቅር ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፋት ይህች ክብ መኪና፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በእኛ አገር ደግሞ ታሪክ ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ንጉሠ ነገሥት አሳፍራ የወጣች መኪና «ቱቦሽን ቀይሪ» ስትባል ብትኮራ አይፈረድባትም። በፍቅሩ ላይ ኑሮ ተጨመረበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ክንዱን አበረታ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎችን ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። እናም ትናንት «ይቺ ነገር መቼ ትሸጣለች?» ትባል የነበረችው ቮልስ ዛሬ የቤተሰብ ቅርስ ሆና አረፈችው። ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ድምዳሜ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። ምትክ የላትምና ጉድለቷን እንቻል እንላለን፤ ምትክ የሌለው ነገር ግን ይበልጥ ይጠበቃል እንጂ ይበልጥ አይታለፍም።

የመጀመሪያው ማስረጃዬ አፍንጫ ነው፣ ያውም የባለቤቱ። የሰው አፍንጫ አንድን ሽታ ሳያቋርጥ ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ማሳወቁን ይቀንሳል፤ ሽታው ስለጠፋ ሳይሆን አዲስ ነገር ስላልሆነበት ነው። በየቀኑ የሚነዳት ሰው እንግዲህ ስለ ፍሳሹ ለመመስከር ብቃቱን ያጣ ሰው ነው። የሚታመነው ያ የተሳፈረው እንግዳ ነበር፤ እኛ ግን የደነዘዘውን አፍንጫ በዳኝነት ወንበር ላይ አስቀምጠን ጤነኛውን አሳፍረን እንሸኛለን። አንዳንዱ ባለመኪናማ «ድሮ ይብስ ነበር፣ አሁን በጣም ቀንሷል» ብሎ ያጽናናል። የቀነሰው ሽታው ይሁን አፍንጫው እስኪጣራ ድረስ ይህን እንደ ምሥራች መቀበል ይከብዳል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት በሽታውን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ የቮልስ ባለቤት ግን ከራሱ ጭምር ደብቆታል።

ሽታው የሚያወራው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። የሚሸተን ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው፤ የሚቀጣጠለውም ይኸው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ተን ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ሰውን እንጂ ቤንዚንን አያስፈራም። በአየሩ ውስጥ ከመቶ 1.4 ያህሉ ተን ከሆነ የሚጎድለው አንድ ብልጭታ ብቻ ነው። ተኑ ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ሽቅብ ወጥቶ አይበተንም፤ ቁልቁል ወርዶ ከመኪናዋ ሆድ ሥር፣ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ፣ ነፋስ በማያገኘው የግቢ ጥግ ይተኛል። የቮልስ አሠራር ነገሩን ያከብደዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ 40 ሊትር ገደማ የሚይዘው ሰልባትዮዋ ደግሞ ከፊት፣ ከተሳፋሪዎቹ ጉልበት ወዲያ ነው። ቤንዚኑ ከፊት ተነሥቶ በወለሏ መካከል በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ በቀጭን የብረት ቧንቧ ይጓዛል፤ ከኋላ ብቅ ሲል በላስቲክ ቱቦ ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ማለትም የመኪናዋን ቁመት ሙሉ ያቋርጣል፤ ብረትና ላስቲክ በተጋጠሙበት ቦታ ሁሉ የመፍሰስ ዕድል አለው። መድረሻው ላይ የጋለ ሞተር፣ ብልጭ የሚል ዲስትሪቢዩተርና እሳት የሚረጭ ዲናሞ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁታል። አንድ ሰው ሆን ብሎ ቤንዚንንና ብልጭታን ለማስተዋወቅ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ክፍል አያገኝም።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው እንምጣ። አብዛኛው ሰው ፍሳሽን የሚፈልገው በቦታ ነው። ኮፈኑን ይከፍታል፣ እርጥብ ነገር ያያል፣ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ከእርጥቡ አጠገብ ያገኘውን ፋሼታ በካቻቢቴ ያጠብቅና እጁን ያራግፋል። ከሳምንት በኋላ ያው እርጥብ ያው ቦታ ላይ ይገኛል፤ ፋሼታው ይበልጥ ይጠብቃል፤ በዚህ ሁኔታ ጤነኛው ፋሼታ ጤነኛውን ቱቦ ቆርጦት አዲስ ፍሳሽ እስኪወለድ ይቀጥላል። ስህተቱ ያለው እርጥቡን ምንጭ ማድረጉ ላይ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲያፈስ ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ቡናማ ካርታ ከቀዳዳው ሥር አይደለም፤ ውኃው በማገሩ ላይ ተንሸራቶ መጨረሻ የወደቀበት ነው። ቤንዚንም በቱቦ ጀርባ፣ በሽቦና በቆርቆሮ ጠርዝ ተንሸራቶ ከተመቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ስለዚህ «የት ነው?» ከማለት በፊት «መቼ ነው?» ማለት ያዋጣል። ቮልስ ላይ ሰዓቱ ቦታውን ይናገራል።

ሽታው የሚመጣው ሰልባትዮው ጢም ብሎ በተሞላ ቀን ብቻ ከሆነ፣ በተለይም በኩርባና በፍሬን ጊዜ፣ ጥርጣሬው ከፊት ከላይ ያርፋል፤ የነዳጅ ጌጁ የተቀመጠበት ጓርኒሲዮን ደርቋል፣ ወይም ከመሙያው አንገት ጋር የተያያዙት ላስቲኮችና የመተንፈሻ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀዋል። ነዳጁ ጎደል ሲል ሽታው ይጠፋል፤ ባለቤቱም «ራሷ ዳነች» ይላል፤ ነዳጅ ማደያ ወረፋ ይዞ እንደገና እስኪሞላ ድረስ ጤና ይሰፍናል። ቆማ ባደረችበት መሬት ላይ ጠብታ ከተገኘ ግን የሚመረመረው ከሰልባትዮው ሥር እስከ ፖምፓው ያለው መንገድ ነው፤ ሰልባትዮው ከፖምፓው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሞተሩ ባይነሣም ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ይወርዳልና። ይህ ዓይነቱ ፍሳሽ ባለቤቱ ሲተኛ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሞተር ሲነሣ ብቻ የሚረጥብ ነገር ካለ ከፖምፓው እስከ ካርቡራተሩ ያለው፣ ግፊት የሚያርፍበት ክፍል ይጠየቃል። ሽታው ማሞቂያው ሲከፈት የሚብስ ከሆነም ነገሩ ከኋላ ነው። ቮልስ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር የላትም፤ የተሳፋሪዋን እግር የምታሞቀው የሞተሩ ማራገቢያ በሚገፋው አየር ነው፤ ማራገቢያው ደግሞ አየሩን የሚስበው ከሞተሩ ክፍል ነው። በክረምት ማለዳ ማሞቂያ የከፈተ ሰው የሞተሩን ክፍል ትንፋሽ በገዛ እጁ ወደ ውስጥ ይጋብዛል፤ ከዚያ መስኮት ይከፍታል፤ ከዚያ ይበርደዋል፤ ከዚያ ማሞቂያውን ይጨምራል።

ከሁሉም ተንኮለኛው የማይንጠባጠበው ፍሳሽ ነው። የፖምፓው ስስ ሽፋን ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ሊደባለቅ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው፤ አውጥቶ ማየት ብቻ ሳይሆን ማሽተትም ያስፈልጋል። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ሲገኝ ቸር ሞተር ገጠመኝ ብሎ የሚደሰት አይጠፋም። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ግን ብረትን ከብረት መለየት ይሳነዋል፤ ዛሬ በዘይት የተገኘው ትርፍ ነገ በኩሽኔታ ይከፈላል። የካርቡራተሩ መርፌ በሚገባ አልዘጋ ሲልም እንዲሁ ነው፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ያንገራግራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚቀይረው ካንዴላ ነው። ካንዴላው ምንም አላደረገም፤ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው እንጂ።

የመፈለጊያው መሣሪያ ርካሽ ነው። በቅድሚያ ባትሪው ይፈታል፤ ከኋላ ወንበር ሥር መቀመጡን የረሳ ሰው ወንበሩን እንዲያነሣ ይመከራል። ማታ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግቶ የአራቱን ጎማዎች ቦታ በእስክሪብቶ ማስመር ነው፤ ጠዋት ጠብታው ከጎማዎቹ አንጻር የት እንዳረፈ ይነበባል። ቤንዚኑ ተንኖ ቢገኝ እንኳ ካርቶኑ ላይ ክብ እድፍ ትቶ ይሄዳል። የከተማችን አቧራም ለአንዴ ይጠቅማል፤ ሞተር ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ቤንዚን ስለሚያጥበው፣ በቆሸሸ ሞተር ላይ የሚታይ ንጹሕ መስመር የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስጠረጥር ነው። መስመሩ ከተገኘ ወደ ላይ መከተል፣ ከዚያ አካባቢውን አጽድቶ አድርቆ የተፈጨ ጠመኔ መነስነስ ነው፤ ቀድሞ የሚረጥበው ነጥብ ምንጩ ነው። ዱቄትም ይሠራል፤ የጤፍን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ግን ጠመኔ ይመርጣል። ለብርሃን የእጅ ባትሪ ይበቃል። በላይተር ብርሃን የቤንዚን ፍሳሽ መፈለግም ውጤቱ ፈጣን ነው፤ ችግሩ ፈላጊው ፍሳሹን ከማግኘቱ በፊት ፍሳሹ ፈላጊውን ማግኘቱ ነው።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ጥገናው ከፍለጋው ያነሰ ሥራ ነው። ቀድሞ የሚከሰሰው የላስቲክ ቱቦው ነው፤ በተለይ በጨርቅ የተሸፈነው ጥንታዊው ዓይነት። ጨርቁ ያምራል፤ ስንጥቅንም አሳምሮ ይሸፍናል። ከላይ ሲያዩት ደህና የመሰለው ቱቦ ሲያጥፉት ቁስሉን ይከፍታል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተገኘ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 ከመቶ፣ በ2011 ደግሞ በ10 ከመቶ ስትቀላቅል ነበር፤ ለኢታኖል ያልታሰበ የድሮ ላስቲክ ከእሱ ጋር ሲኖር ወይ ያብጣል ወይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቱቦ ሲገዛ ቁመናውን ብቻ ሳይሆን በላዩ የታተመውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ «ጄ30 አር9» የሚል ምልክት ያለው ለዘመኑ ነዳጅ የተሠራ ነው። ልክም ጉዳይ ነው። የቮልስ የነዳጅ ቧንቧ ቀጭን ስለሆነ ውስጣዊ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ጥብቅ ብሎ ይይዘዋል፤ ለሌላ መኪና የታሰበ 8 ሚሊሜትር ቱቦ አስገብቶ በፋሼታ ማነቅ ግን ላስቲኩን ያጣጥፈዋል፣ እጥፋቱም አዲስ መፍሰሻ ይሆናል። ቱቦው የሞተሩን ክፍል ቆርቆሮ በስቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ ደግሞ የላስቲክ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ወድቆ ሲጠፋ ማንም ልብ አይለውም፤ ቆርቆሮው ግን በእያንዳንዱ ንዝረት ቱቦውን ሲገዘግዝ ይውላል።

ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ዓይን ይሻሉ። አንደኛው ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ የሚያስገባው ትንሽ የናስ ቧንቧ ነው። ይህ ቧንቧ በጥርስ አልታሰረም፤ በግፊት ተጨቁኖ የገባ ነው፤ ዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሮ ሊላላ ይችላል። ቱቦውን በእጅ ቀስ ብለው ሲያነቃንቁት ቧንቧው አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ ጠብታ የሚጠበቅበት ጊዜ አልፏል፤ ሲወልቅ የሚመጣው ሙሉ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ነው። ሁለተኛው ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው የፕላስቲክ ፊልትሮ ነው። ባለቤቶች ይወዱታል፤ ቤንዚኑ ሲያልፍ ስለሚታይ ደስ ይላል። ነገር ግን አንዱን ቱቦ ለሁለት ቆርጦ ሁለት አዳዲስ መጋጠሚያ ይጨምራል፣ በክብደቱም ይጎትታቸዋል፣ ያውም ብልጭታው ከሚፈጠርበት ዕቃ አናት ላይ። ፊልትሮ ያስፈልጋል፤ ቦታው ግን ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከካምቢዮው አጠገብ ወይም ከሰልባትዮው ሥር ቢሆን ይመረጣል። እዚያ ሲሆን አይታይም፤ አለመታየቱ ደግሞ ማንንም አቃጥሎ አያውቅም።

ስለ ሰልባትዮ ቀዳዳ ሲነሣ ሳሙና መነሣቱ አይቀርም። ሳሙናን አልንቅም፤ ቤንዚን ሳሙናን ስለማያሟሟው በቀዳዳ ላይ የተፈተገ ደረቅ ሳሙና ለጊዜው በእርግጥ ይይዛል። ጠቡ ያለው «ለጊዜው» የሚለው ቃል ከአገር መጥፋቱ ላይ ነው። ሳሙናው እስከ ጋራዥ ሊያደርስ ተለጥፎ ለዓመት በዓል ይደርሳል፤ ዝናብ ሲያጥበው ሌላ ሳሙና ይፈተግበታል፤ በመጨረሻ ከመኪናዋ ሌላው አካል ይልቅ ሰልባትዮዋ ንጹሕ ይሆናል። ከሳሙናው ጀግንነት የሚብሰው ግን «ቤንዚኑን ቀድቼ ባዶ አድርጌዋለሁ፣ በይድልኝ» የሚለው ነው። ባዶ ሰልባትዮ ባዶ አይደለም፤ ፈሳሹ ወጥቶ በተንና በአየር ተሞልቷል፤ ከሙሉው ይልቅ የሚፈነዳውም እሱ ነው። ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ተኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ የብየዳ እሳት ሊጠጋው አይገባም። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ጋ መውሰድ ከቀብር ወጪ ያነሰ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ የቮልስ ወዳጅ ያለ ክርክር አይሸነፍምና። የመጀመሪያው «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ናት፣ ተቃጥላ አታውቅም» የሚል ነው። መኪና ሁለቴ አትቃጠልም። «እስካሁን አልተቃጠለችም» የሚለው አባባል ቆማ ስላለች ማንኛዋም መኪና እውነት ነው፣ ልትቃጠል አንድ ደቂቃ ስለቀራትም ጭምር። ደግሞም የዛሬው ቱቦ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ቱቦ አይደለም፤ ያ ለስላሳ ነበር፣ ይኼ ደርቋል። ያለፈው ዘመን የሚመሰክረው ላስቲኩ ምን ያህል እንደተሸከመ ነው፤ ምን ያህል እንደቀረው አይናገርም። ከመሟጠጡ በፊት መድረስ ነው ጥበቡ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለመኪና ሲሆን ቃል በቃል ይሠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጠብታ ናት፣ ወዲያው ትተናለች» ይላል። መትነኗ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሲጀመር የምንፈራው ተኑን ነውና። በገንዘብም እንየው። የቤንዚን ጠብታ ትንሽ ነው ብለን 40 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ይሙላ እንበል። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቱቦ በ24 ሰዓት 86,400 ጠብታ፣ ማለትም ከ2 ሊትር በላይ ይጥላል። በየ10 ሴኮንዱ አንዴ ብቻ ብትጥል እንኳ በወር ከ6 ሊትር በላይ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ በገባበት ዘመን የአንድ ሜትር ቱቦ ወጪ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ አንባቢ ያስላው። ለነዳጅ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ ከተሰላፊ ጋር ተጣልቶ፣ ያገኘውን ቤንዚን በሌሊት ለአስፋልት ማጠጣት በምንም ሒሳብ አይገባም።

ሦስተኛው ጠበቅ ያለ ነው፤ «ኦሪጅናልነቷ ይጠፋል» የሚለው። ለጥንታዊ መኪና ኦሪጅናልነት ዋጋ እንዳለው እቀበላለሁ። የመሪዋን ክብ፣ የበሯን እጀታ፣ የመቀመጫዋን ስፌት እንዳለ ማቆየት የሚያስመሰግን ነው። ቱቦ ግን ሲሠራም ጀምሮ የሚያልቅና የሚተካ ዕቃ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣውን ቱቦ ጠብቄ አቆየሁ የሚል ሰው ከፋብሪካ የመጣውን ቤንዚንም ጠብቆ ማሳየት ይኖርበታል። ተቃጥላ የቀረች መኪና ላይ ደግሞ ኦሪጅናል የሚሆነው የሻንሲ ቁጥሯ ብቻ ነው። «መለዋወጫ የለም» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ለመስታወትና ለጌጥ እውነት ሊሆን ይችላል። ለፍሳሽ ግን የሚያስፈልገው በአመዛኙ ቱቦ፣ ፋሼታ፣ የላስቲክ ቀለበትና ጓርኒሲዮን ነው፤ እነዚህን ለመፈለግ ሱማሌ ተራ መውረድ እንጂ ጀርመን መሄድ አያስፈልግም።

አራተኛው «መካኒኬ አይቷታል» ይላል። መካኒክን ማክበር ተገቢ ነው፤ የአገራችን ቮልሶች ዛሬም የሚንቀሳቀሱት በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ሆኖም ስለ ሽታ ከሆነ ከባለቤቱ አፍንጫ የባሰ የደነዘዘ አፍንጫ ቢኖር የመካኒኩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጁን በቤንዚን ሲታጠብ ይውላላ! ስለዚህ «ይሸታል ወይ?» ብሎ እሱን መጠየቅ ሰውየውን ያለ ሙያው ማስቸገር ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ ምንጩ የቱ ነበር? ያወጣኸውን አሮጌ ቱቦ ታሳየኛለህ? ሞተሩ እየሠራም ጠፍቶም አየኸው? እነዚህን የሚመልስ መካኒክ አግኝቶታል። «አጥብቄዋለሁ» ብቻ የሚል ግን እርጥቡን እንጂ ምንጩን አላየም፤ ሰላምታ ተሰጥቶት ፍለጋው እንደገና ከላይ ይጀመራል።

«የእሳት ማጥፊያ አለኝ፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚለው የመጨረሻው ነው። ይኑር፤ ለቤንዚን እሳት የሚሆን የዱቄት ማጥፊያ፣ ከሹፌሩ እጅ የማይርቅ፣ ጊዜው ያላለፈበት። ግን ምን ላይ እንደምንተማመን እንወቅ። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል በባልዲ ውኃ ሲደፉበት በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የቮልስ ሞተር ቀፎ ደግሞ አብዛኛው ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ እሱ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ይፈጥርና ይበልጥ ይነድዳል። ማጥፊያው የሚጠቅመው ነገሩ ገና የቤንዚን እሳት ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ያንን ያህል ፈጣን ሰው መሆኑን የሚያምን ቱቦ ለመቀየርም ቀስ ባላለ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አንድ ደንብ ይወጣል። አፍንጫችን የሚለምድ፣ እርጥቡ የሚያሳስት፣ ጨርቁ ስንጥቁን የሚሸፍን ከሆነ፣ ቱቦን «ሲሸት እቀይረዋለሁ» ማለት መቼም አልቀይረውም ከማለት አይለይም። ቱቦ በሽታ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ይቀየር። ሲገጠም ዓመተ ምሕረቱ ኮፈኑ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከሰልባትዮ እስከ ካርቡራተር በእጅ እየተዳሰሰ ይታይ፤ ጥቂት ዓመት የሞላው ያለ ክርክር ይውጣ። ከጥገና በኋላም ለፍተሻ ቮልስ ነድቶ የማያውቅ ሰው ይጠራ፤ ከተቻለ መኪና የማይወድ፣ ይሉኝታ የማያውቅ ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። ቀኑ ደርሶ ቱቦው ደህና ቢመስልስ? ይቀየር። ደህና የሚመስለው ለማን እንደሆነ ተነጋግረናል።